ላፕቶፕ ወይስ ስትሪመር? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሙዚቃ በእርጋታ የማዳምጥበት ጊዜ አግኝቻለሁ። ደህና አምፕሊፋየርና ሁለት ጥሩ ስፒከሮች አሉኝ። 600 የሚሆኑ ሲዲዎቼን ልጄ ወደ ሃርድ ዲስክ ገልብጦልኛል፤ ሁሉም የድምፁን ጥራት በማይቀንሰው የፋይል ዓይነት፣ በፍላክ ነው የተቀመጡት። የማጫውታቸው በላፕቶፕ ነው። ከጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ወደ አምፑ ገመድ ዘርግቻለሁ። ችግሬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሙዚቃው ዝግ ሲል ከስፒከሮቹ «እምምም» የሚል ጉርምርምታ ይሰማኛል። ሁለተኛ፣ አንድ ወዳጄ ቤቴ መጥቶ አዳመጠና «ኮምፒውተር ለሙዚቃ አልተሠራም፤ ስትሪመር ካልገዛህ ስፒከሮችህን በድለሃቸዋል» ብሎኝ ሄደ። ስትሪመር ያለኝ ሙዚቃን ከኢንተርኔት ወይም ከቤት ኔትወርክ አምጥቶ የሚያጫውተውን ሳጥን ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ደስ ብሎኝ ማዳመጥ አልቻልኩም። እውነት ልግዛ? የድምፁ ልዩነትስ ወጪውን ያህል ነው?

መልስ፦ በመጀመሪያ ልጅዎን ያመስግኑልኝ። 600 ሲዲ አንድ በአንድ መገልበጥ ቀላል ሥራ አይደለም። እባክዎ ዛሬ ነገ ሳይሉ ያን ዲስክ ሌላ ዲስክ ላይ ያስገልብጡና ለብቻው ያስቀምጡት። መሣሪያ ተመልሶ ይገዛል። ያ ድካም ግን አይገዛም።

አሁን ወደ ጉርምርምታው ልሂድ። ከስትሪመሩ በፊት እሱ ይቅደም፤ የትልቁን ጥያቄ ግማሽ የሚመልስልዎት እሱ ነው።

ዛሬ ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል አንድ ነገር ይሞክሩ። ሙዚቃውን ያቁሙ። የአምፑን ድምፅ እንደ ወትሮው ያድርጉት። ስፒከሩ አጠገብ ሆነው ቻርጀሩን ከላፕቶፑ ይንቀሉት። ጉርምርምታው እዚያው ቀጥ ካለ ጥፋተኛው ተገኘ ማለት ነው።

እኔ ይህን ያወቅኩት ብዙ ተንከራትቼ ነው። ከዓመታት በፊት አዲስ ዳክ፣ ማለትም የሙዚቃ ፋይሉን ቁጥር ወደ ድምፅ ሞገድ የሚቀይር ዕቃ፣ አምጥቼ በዩኤስቢ ከላፕቶፕ ጋር ሳገናኘው ስፒከሮቹ ማጉረምረም ጀመሩ። ማውሱን ሳንቀሳቅስ ደግሞ «ጭርርር» የሚል ቀጭን ድምፅ ይጨመርበታል። ገጽ ወደ ታች ስገፋ ይበረታል፤ እጄን ሳነሳ ይጠፋል። ዳኩ ተበላሽቷል ብዬ ሦስት ምሽት ከመደርደሪያው ጀርባ ተንበርክኬ ገመድ ስቀያይር አመሸሁ። በሦስተኛው ምሽት የቻርጀሩ ገመድ እግሬን ጠለፈውና ተነቀለ። ክፍሉ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። የግድግዳው ሰዓት ሲቆጥር ተሰማኝ። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ እንዳልኩ ቻርጀሩን መልሼ ሰካሁት፤ እምምም። ነቀልኩት፤ ጸጥ። አምስት ስድስት ጊዜ ሳልደጋግመው አልቀረሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙ አምፖች በሶኬቱ በኩል ከኧርዝ፣ ማለትም ለደህንነት ወደ መሬት ከሚወርደው ሽቦ፣ ጋር የተገናኙ ናቸው። የላፕቶፑ ቻርጀር ባለ ኧርዝ ከሆነ እሱም እንዲሁ። ሁለቱን በድምፅ ገመድ ስናያይዛቸው ኧርዙ ቀለበት ይሠራል። በቀለበቱ ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይዞራል። ይህም እንደየአገሩ መስመር በሴኮንድ 50 ወይም 60 ጊዜ ይርገበገባል። አምፑ ያን ከሙዚቃው ለይቶ አያውቀውም፤ አብሮ ያጎላዋል። የማውሱ ጭርጭርታም የሚገባው በዚሁ በር ነው። ኮምፒውተሩ ሥራ በበዛበት ቁጥር የሚስበው ኤሌክትሪክ ይለዋወጣል፤ ያ መለዋወጥ በኧርዙ በኩል ሾልኮ ይመጣል።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምለምንዎት ነገር አለ። «የኧርዙን እግር ቁረጠው፣ ይጠፋልሃል» የሚልዎት ሰው አይጠፋም። ፈጽሞ አያድርጉት። እሱ ሕይወት ለማትረፍ የተቀመጠ ነው። ደህናው መንገድ ወይ ሲያዳምጡ ላፕቶፑን በባትሪ ማስኬድ ነው፤ ወይም በኦፕቲካል ገመድ መጠቀም ነው። ኦፕቲካል ገመድ ሙዚቃውን የሚያሻግረው በብርሃን ነው። ቶሺባ እ.ኤ.አ. በ1983 ለሲዲ ማጫወቻዎቹ ነበር ያወጣው። በብርሃኑ መንገድ ኤሌክትሪክ ስለማያልፍ ቀለበቱ እዚያው ይበጠሳል። ላፕቶፑ ኦፕቲካል መውጫ ከሌለው፣ ላፕቶፑን ከዳክ ጋር በሚያገናኘው ዩኤስቢ መሃል የሚገባና የኤሌክትሪኩን ግንኙነት የሚያቋርጥ አይሶሌተር የሚባል ትንሽ ዕቃ አለ።

ለምን ይህን ያህል አስረዘምኩት? ምክንያቱም አሁኑኑ ስትሪመር ቢገዙ ጉርምርምታው ሳይጠፋ አይቀርም። ያኔ ወዳጅዎ ትክክል የነበሩ ይመስልዎታል። ያጠፋው ግን ስትሪመሩ አይደለም፤ ቻርጀሩ ከመስመሩ መውጣቱ ነው። በቻርጀር ምክንያት የመጣን ችግር በስትሪመር ለመፍታት መነሳት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ወዳጅዎ ያነሱት ሁለተኛው ነገር ድምፁ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ጉዳይ ተደባልቋል። ሙዚቃ ከፋይል እስከ ጆሮ ሲደርስ ሦስት ሥራ ይሠራል። አንደኛው ፋይሉን ማንበብ ነው። ሁለተኛው ቁጥሩን ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ መቀየር ነው፤ ዳክ የምንለው ይህን ነው። ሦስተኛው ማጉላት ነው። የእርስዎ ላፕቶፕ አሁን የሚሠራው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ነው። በንባቡ ጎበዝ ነው። መቀየሩ ላይ ግን ከማራገቢያውና ከፕሮሰሰሩ አጠገብ የተሸጎጠች አንዲት ትንሽ ቺፕ ናት የምትደክመው። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ጥሩ ትሠራለች፤ ሌሎቹ ላይ ግን ድምፁ ሊታፈን፣ ከበስተጀርባውም ሹክሹክታ ሊሰማ ይችላል። ስለዚህ ወዳጅዎ የሰሙት ድክመት ካለ፣ የሰሙት ዳኩን ነው። ኮምፒውተርነቱ እዚህ የለበትም።

ዳክን ለብቻው መግዛት ይቻላል። በዩኤስቢ ይሰኩታል፣ ከዳኩ ወደ አምፑ ገመድ ይዘረጋሉ፤ አለቀ። ዛሬ የሚሠሩት አብዛኞቹ የዩኤስቢ ዳኮች ጊዜ የሚጠብቁት በራሳቸው ሰዓት ነው። «አሁን ላክልኝ፣ አሁን ቆይ» የሚለው ዳኩ ነው እንጂ ኮምፒውተሩ አይደለም። ስለዚህ «የኮምፒውተር ሰዓት የተዛባ ነው፣ ሙዚቃውን ያንገዳግደዋል» የሚለው የድሮ ስጋት ለእንዲህ ዓይነቱ ዳክ አይሠራም።

ኮምፒውተሩ ላይ ማስተካከል ያለብዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። የሲዲ ድምፅ በሴኮንድ 44,100 ጊዜ የተለካ ነው። ዊንዶውስ ግን የሁሉንም ፕሮግራም ድምፅ ቀላቅሎ በአንድ በተወሰነ ልክ ነው የሚያወጣው፤ ብዙ ጊዜ በ48,000። ስለዚህ የእርስዎን 44,100 ወደዚያ ይቀይረዋል። ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ግን በነፃ የሚቀር ነገር ነው። ፉባር 2000ን በመሰለ ማጫወቻ ውስጥ ገብተው ዋሳፒ ኤክስክሉሲቭ የሚለውን ይምረጡ። ያኔ ማጫወቻው ዳኩን ለብቻው ይይዘዋል፤ ፋይሉም ሳይነካ ያልፋል። ማክ ከሆነ ኦዲዮ ሚዲ ሴታፕ ውስጥ ገብተው ልኩን 44,100 ላይ ያድርጉት። ሌላም ጥቅም አለው። ዋሳፒ ኤክስክሉሲቭ ላይ እያለ የኢሜይል ደወል በዳኩ በኩል አይመጣም። እኔ አንድ ጊዜ ዋሽንቱ ትንፋሹን ስቦ ሊገባ ሲል፣ ጸጥ ባለባት ቦታ ላይ፣ የኮምፒውተሩ ደወል በሙሉ ድምፅ ሲያምባርቅ ከወንበሬ ተነስቻለሁ። ሴቲንጉን ያስተካከልኩት በዚያው ሌሊት ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ተስተካክሎ፣ ዳኩ አንድ ሆኖ፣ ስትሪመሩ ከላፕቶፑ በድምፅ ይበልጣል ወይ? እኔ በቤቴ ሞክሬዋለሁ። አንድ ዳክ ነው የተጠቀምኩት። ላፕቶፑን በዩኤስቢ፣ ስትሪመሩን በኦፕቲካል ሰካሁበት። ያው ዘፈን፣ ያው ፋይል። ልጄ ሪሞቱን ይዛ ከኋላዬ ተቀመጠችና እንደፈለገች አንዱን ትመርጣለች፤ የመረጠችውን ደብተር ላይ ትጽፋለች። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እገምታለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች እርግጠኛ ነበርኩ፤ «ይሄ ስትሪመሩ ነው፣ ሰፋ ይላል» እያልኩ። ደብተሩን ስናየው ግን የተሳካልኝ ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው። ሳንቲም ወርውሬ ብገምትም ያው ነበር። ትንሽ ከፋኝ፣ አልዋሽዎትም። ዓመታት ጆሮዬን አምኜ የኖርኩ ሰው ነኝ። ግን ልቤን ያሳረፈውም እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለኝን ገንዘብ ስፒከር ላይና ክፍሉን ማስተካከል ላይ ነው ያዋልኩት፤ ልዩነቱ እዚያ በግልጽ ይሰማል።

ታዲያ እኔ ዛሬ የማዳምጠው በምንድን ነው? በስትሪመር። ለምን ቢሉኝ ማዳመጤን ስለለወጠው ነው። ላፕቶፑን ስከፍት መጀመሪያ የሚታየኝ ሙዚቃ አይደለም። ኢሜይል ነው፣ ዜና ነው፣ ያልጨረስኩት ሥራ ነው። «አንዴ ይህችን ብቻ ልይ» እላለሁ። አልበሙ ሲያልቅ ሦስተኛው ዘፈን ምን እንደነበር አላውቅም። ስትሪመሩ ግን ስክሪን እንኳ የለውም። ማራገቢያ የለውም፣ አይሞቅም፣ አፕዴት ልጨርስ ብሎ አያስጠብቀኝም። ስልኬ ላይ አልበሙን እመርጣለሁ፣ ስልኩን ገልብጬ አስቀምጣለሁ። ሙዚቃውን የሚያመጣው ራሱ ሳጥኑ ስለሆነ ስልኩን ባጠፋውም አብዛኛውን ጊዜ አይቋረጥም። ባለቤቴም ሳትጠይቀኝ ከፍታ ታዳምጣለች፤ በላፕቶፑ ጊዜ አንድም ቀን አድርጋው አታውቅም። ይህ ለእኔ ትንሽ ነገር አይደለም።

የስትሪመር ትልቁ ድክመት እርጅናው ነው። አምፕሊፋየር 30 ዓመት ይኖራል። እኔ ከዚያ በላይ የሆነው ጠግኜ ዛሬም የሚሠራ አለ። ስትሪመር ግን ውስጡ ኮምፒውተር ነው፤ ነፍሱ ሶፍትዌሩ ነው። አምራቹ አፑን ማደስ ካቆመ፣ ወይም የሙዚቃ አገልግሎቱ አሠራሩን ከቀየረ፣ ብረቱ ደህና ሆኖ ሳለ ዕቃው ይሞታል። የመጀመሪያው ስትሪመሬ እንዲህ ነው የሆነብኝ። አንድ ጠዋት አፑ ስልኬ ላይ አልከፈት አለ፤ ለአዲሱ የስልክ ሶፍትዌር የሚሆን አልሠሩለትም ነበር። ሳጥኑ ላይ ጭረት እንኳ አልነበረበትም። አንጀቴን በላኝ።

በተቃራኒው ስኩዊዝቦክስ የሚባለውን ስትሪመር ይመልከቱ። ስሊም ዲቫይስስ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው ነው፤ በ2006 ሎጂቴክ ኩባንያውን ገዛው፤ በ2012 ምርቱን አቆመ። ግን ሙዚቃውን ወደ ሳጥኑ የሚልከው የሰርቨር ሶፍትዌሩ ኮድ ለሁሉም ክፍት ነበር። ተጠቃሚዎቹ ተረክበው እስካሁን ያድሱታል፤ ዛሬ ስሙ ሊሪየን ሙዚክ ሰርቨር ነው። ሳጥኖቹ አሁንም ይዘፍናሉ። ስለዚህ ስትሪመር ሲመርጡ ከውበቱ በፊት «በአምራቹ አፕ ብቻ ነው የሚሠራው ወይስ በሌላም?» ብለው ይጠይቁ። ዩፒኤንፒን፣ ማለትም የተለያየ አምራች ዕቃዎች በቤት ኔትወርክ የሚግባቡበትን የጋራ ቋንቋ፣ የሚቀበል ከሆነ፣ ወይም እንደ ሊሪየን ካለ ክፍት ሶፍትዌር ጋር የሚግባባ ከሆነ ዕድሜው ይረዝማል።

ምክሬ እንግዲህ ይህ ነው። አሁን ዳክ ብቻ ይግዙ፤ የዩኤስቢም የኦፕቲካልም መግቢያ ያለው ይሁን። ላፕቶፑን ያቆዩት፣ ሲያዳምጡ በባትሪ ያስኪዱት። ሁለት ሦስት ወር በዚህ ይቆዩ። ላፕቶፑ ከሙዚቃው እያዘናጋ ካስቸገረዎት፣ ያኔ ዲጂታል መውጫ ያለው ቀለል ያለ ስትሪመር ጨምረው ዳኩ ላይ ይሰኩት። ስትሪመሩ ቢያረጅ እሱን ብቻ ይቀይራሉ፤ ዳኩ ቦታው ላይ ይቆያል። ሁለቱን በአንድ ሳጥን ያዋሃደውን ውድ ዕቃ እኔ ለእርስዎ አልመርጠውም።

ወዳጅዎን ደግሞ ዳኩ ሲገባ ይጥሯቸው። ላፕቶፑን ጨርቅ ጣል ያድርጉበትና መጀመሪያ እሳቸው ያዳምጡ።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ስትሪመር የመግዛት አቅም የለኝም፤ ግን ቤት ውስጥ የማይሠራበት ራስፕቤሪ ፓይ፣ ያቺ በአንድ ሰሌዳ ላይ ያለች ትንሽ ኮምፒውተር፣ አለ። ከሱ ስትሪመር ይወጣል? ወይስ ጊዜዬን ነው የማጠፋው?

መልስ፦ ይወጣል ወንድሜ፣ ያውም ጥሩ! በሱቅ ከሚሸጡት ስትሪመሮች ውስጥም አንዳንዶቹ ተከፍተው ሲታዩ እምብርታቸው ይቺው ሰሌዳ ናት። ቮሉሚዮ፣ ሙድ ኦዲዮ ወይም ፓይኮርፕሌየር ከሚባሉት አንዱን አውርደህ ሚሞሪ ካርድ ላይ ትጭናለህ። ከዚያ ሁሉንም ነገር ከስልክህ ብራውዘር ታዝዘዋለህ። ስክሪንም ኪቦርድም አያስፈልግህም። ለመጀመሪያ ጊዜ ዘፈኑ ከስፒከሩ ሲወጣ ያለውን ደስታ አሁን አልነግርህም፤ ራስህ ታየዋለህ።

ሁለት ነገር ግን ልብ በል። በሰሌዳው ላይ ያለውን የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ለሃይ-ፋይ አትጠቀምበት፤ ጥራቱ ደካማ ነው። አዲሱ ፓይ 5 ላይማ ጭራሽ አውጥተውታል። የዩኤስቢ ዳክ ሰካበት፣ ወይም ከላዩ የሚደረብ የዳክ ሰሌዳ ፈልግ። ሌላው፣ መብራት ድንገት ሲጠፋ ካርዱ ላይ እየተጻፈ ከነበረ ካርዱ ሊበላሽ ይችላል። እኔ ሁለት ካርድ በዚህ አጥቻለሁ። ፓይኮርፕሌየር ሲነሳ ሙሉ በሙሉ ወደ ራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማኅደር) ስለሚገባ ድንገት ቢነቀል እምብዛም አይጎዳም። መብራት የሚቆራረጥበት ቦታ ካለህ ከሱ ጀምር። ለሱም ሊሪየን ሰርቨር ያስፈልገዋል፤ እዚያው ፓይ ላይ መጫን ይቻላል።

ጥያቄ፦ ስልኬን በብሉቱዝ ከአምፑ ጋር አገናኝቼ ነው የማዳምጠው። ስትሪመር ከዚህ በምን ይለያል? ያው ስልክ አይደል የሚይዘው?

መልስ፦ እህቴ፣ የሚመስለው እንዲያ ነው፤ መንገዱ ግን ሌላ ነው። በብሉቱዝ ሙዚቃው በስልክሽ ውስጥ ያልፋል። ስልክሽ ዘፈኑን ይቀበላል፣ እንደገና ይጨምቀዋል፣ ከዚያ ይልከዋል። የሲዲ ድምፅ በሴኮንድ 1,411 ኪሎቢት ነው። ተራው የብሉቱዝ ኮዴክ (የመጨመቂያ ዘዴ)፣ ኤስቢሲ፣ በጥሩ ሴቲንግ የሚያስተላልፈው 328 አካባቢ ነው። ኤልዳክ የሚባለው እስከ 990 ይደርሳል፤ ሁለቱም ዕቃዎች ከተቀበሉት ብቻ። በዚያ ላይ ስልክ ሲደወል ሙዚቃው ይቋረጣል፤ ስልክሽን ይዘሽ ወደ ሌላ ክፍል ስትሄጂ መቆራረጥ ይጀምራል።

ስትሪመር በዋይፋይ ወይም በኔትወርክ ገመድ ራሱ ከኢንተርኔት ያመጣል። እንደ ስፖቲፋይ ኮኔክት ባለው አሠራር ስልክሽ ሪሞት ብቻ ነው። ቢደወልልሽ እያወራሽ ሙዚቃው በቤቱ ይቀጥላል። የምታዳምጪው ሥራ እየሠራሽ ከሆነ ግን ብሉቱዙ ይበቃሻል፤ ለመለወጥ አትቸኩዪ።

ጥያቄ፦ ለስትሪመሬ «ለሙዚቃ ብቻ የተሠራ» የኔትወርክ ገመድ ግዛ ተባልኩ። ለውጥ አለው?

መልስ፦ አይግዙት። በኔትወርክ የሚመጣ ዳታ ሲደርስ ይፈተሻል፤ የጎደለ ካለ እንደገና ይላካል። ስትሪመሩም ዘፈኑን አስቀድሞ ያጠራቅመዋል። ማረጋገጥ ከፈለጉ ዘፈን እየተጫወተ ገመዱን ይንቀሉት። ሙዚቃው ለተወሰኑ ሴኮንዶች፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ምንም ሳይሆን ሲቀጥል ይሰማሉ። ገመዱ እጅዎ ላይ ነው እኮ! ያልተሰበረና መሰኪያው ጠበቅ ያለ ተራ ገመድ ይበቃዎታል። ስትሪመሩ ራውተሩ አጠገብ ካልሆነና ዋይፋዩ ከተንቀረፈፈ፣ ገንዘቡን ረዘም ባለ ተራ ገመድ ላይ ያውሉት።